ግማሽ ሚሊ

ሰኔ 8 ቀን 2001

ደብተሩን የገዛሁት የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱን ሥራ ለመመዝገብ ነው። ሌላ ነገር አልጽፍበትም።

የሚሠራው፦ ድምፅ ማጉያ። ልጄ ኢሊሊ ከሹራቧ ሥር ደረቷ ላይ የምትይዘው፣ ሽቦው ወደ ጆሮዋ የሚወጣ። ማቀፊያው የሳሙና መያዣ ነው፤ ትንሹ፣ ለመንገደኛ የሚሸጠው። ባለ አንድ ፊት ቦርድ ሠርቼ ሞከርኩት፤ ከመያዣው ይተርፋል። ስለዚህ ሁለት ፊት ይሆናል። ከላይ የድምፁ መስመር፣ ከታች የባትሪው። ሁለቱ ፊቶች የሚገናኙት በቀዳዳዎቹ በኩል ነው። አርባ ሦስት ቀዳዳ።

የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ትናንት አነጋገረኝ። «በመሣሪያም ይሁን በምን፣ ከኋላዋ ስሟ ሲጠራ ከዞረች እመዘግባታለሁ» አለ። ምዝገባው የሚያበቃው ጳጉሜ 3 ነው። በቂ ጊዜ አለ።

ኢሊሊ ስድስት ዓመቷ ነው።

ሰኔ 11

አሠራሩ እንዳይጠፋኝ ልጻፈው። የመስመሮቹ ሥዕል ከመጽሔት በተቀደደ አብረቅራቂ ወረቀት ላይ በሌዘር ማተሚያ ይታተማል። ወረቀቱ ቦርዱን የሸፈነው መዳብ ላይ ይደፋና በካውያ ይተኮሳል። ጥቁሩ ቀለም ቀልጦ መዳቡን ይይዛል። ወረቀቱ በውሃ ይላጣል። ከዚያ ቡናማው አሲድ ውስጥ ሲገባ ቀለም ያልሸፈነው መዳብ ይበላል፤ የተሸፈነው መስመር ሆኖ ይቀራል። ይህን ለአንድ ፊት ለዓመታት ሠርቼዋለሁ፤ ተክለ ሃይማኖት ባለችው የራዲዮ መጠገኛዬ አካባቢ ይህን የማይሠራ የለም።

ለሁለት ፊት ግን ሁለቱ ወረቀቶች መስኮት ላይ ይደራረባሉ። ብርሃን ሲያልፍባቸው ቀዳዳ በቀዳዳ ይገጠማሉ። በስፒል ይወጋሉ። ሦስት ጎናቸው ተሰፍቶ እንደ ፖስታ ይሆናሉ። ቦርዱ እንደ ደብዳቤ መሃላቸው ይገባል።

ስፒሎቹ መሳቢያው ውስጥ ናቸው። የሐኪሙ ወረቀት ከሥራቸው አለ። ገና አልከፈትኩትም።

ሰኔ 14

ሙከሚል ዘንድ ሄድኩ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ባሻገር ራፖር የሚጽፍባት ክፍል ውስጥ ሌዘር ማተሚያ አለው። የላይኛውን ፊት አምስት ኮፒ አወጣልኝ። አንዱን አዟዙሮ አየው።

«ጂራታ፣ ይሄ የማን ክስ ነው?»

«የልጄ።»

«መስመሩ በዛ። ይሄን የሚያነብ ዳኛ የለም። ፍሬ ነገሩ የቱ ጋ ነው?»

ወረፋ የሚጠብቁ ባለጉዳዮች ሳቁ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። የታችኛውን ፊት ሳያወጣ መብራት ሄደ። «ነገም የለንም» አለ ሙከሚል። «ነገ መብራቱ የሜክሲኮ ተራ ነው።»

ሰኔ 15

የታችኛውን ፊት ሜክሲኮ፣ ኮሌጁ አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩ። አምስት ኮፒ። ከሙከሚል ይጠቁራል። ጥሩ ነው።

ሰኔ 17

ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይመጣ። ሁለቱን ወረቀቶች መስኮቱ ላይ አስደገፍኩ። ከግራ ጥግ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች ልክ ገጠሙ፤ ብርሃኑ በመሃላቸው አለፈ። ወደ ቀኝ ስሄድ መሸሽ ጀመሩ። ቀኝ ጫፍ ላይ ግማሽ ሚሊ። ወረቀቱ እርጥበት ይዞ ይሆናል፣ ሲተኮስ ይመለሳል ብዬ ሰፋሁት።

አልተመለሰም። ትራፓኖው ከላይ በቀዳዳው መሃል ገብቶ ከታች በዳሩ ወጣ። የታችኛው መዳብ ተቦጨቀ።

ኢሊሊ ወንበር ላይ ቆማ አጠገቤ ነበረች። አፍንጫዋን ወረቀቱ ላይ ልትለጥፍ እስክትደርስ ቀርባ ታያለች። ስሰፋ እጄን ያዘችና መዳፏን መዳፌ ላይ ገጠመች፤ ከእጅ አንጓዋ ጀምራ። የእኔ ጣቶች ከእሷ ጣቶች ያለፉበትን በሌላ እጇ ነካ ነካ አደረገች። ጨዋታ ነው። ልጆች ማን ይበልጣል እያሉ ይለካካሉ። ትንሽ ቆየሁላትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሰኔ 18

ሱቅ። ሰው በዛ። ሁሉም ራዲዮ ይዞ ይመጣል፤ መብራት ሲሄድ ሰው ራዲዮ ይወዳል። ምንም አልሠራሁም።

ሰኔ 24

በሩ በነፋስ ተወርውሮ ሲዘጋ ኢሊሊ ዞረች። ጀርባዋን ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዞረች። ቀኑን እየጻፍኩ ነው፦ ሰኔ 24፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ግንቦት ውስጥ ደግሞ ከባድ መኪና ሲያልፍ እንዲሁ አድርጋ ነበር።

ትንሽ ካለ ማጉያ ያጎላዋል። የማጉያ ሥራው ይኸው ነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው ማጅራት ገትር የያዛት። ከዚያ በፊት «አባ» ትል ነበር። ባለቤቴ ፋዮ «ባ ባ ነበር የምትለው፣ ሕፃን ሁሉ ይለዋል» ትላለች። እኔ ግን ሰምቻለሁ።

ሐምሌ 2

ሁለተኛው ቦርድ። መብራት የለም። የፋዮ እናት እማማ ደሚቱ ክረምቱን ከእኛ ጋር ናቸው፤ የከሰል ካውያቸውን አምጥተዋል። በእሱ ተኮስኩ። አፍንጫው ያቃጥላል፣ ጅራቱ ይበርዳል። ከአርባ ሦስቱ አሥራ ስድስቱ ተበላሹ፤ ሁሉም በቀኝ በኩል። የካውያው ጥፋት ነው።

ፋዮ፦ «ጥቁሩ ነገርህ ካውያው ላይ ቀርቶ የእማዬን ነጭ ነጠላ በላው።»

እማማ ደሚቱ፦ «ምን አለች?»

ፋዮ ጮክ ብላ፦ «ነጠላሽን በላው!»

«ማን? አይጥ?»

ኢሊሊ ሦስታችንን ተራ በተራ አየችና ሳቀች። ምን አሳቃት? ነጠላ የሚለውን ሰምታ ይሆን? ማንንም አልጠየቅሁም።

ሐምሌ 9

እማማ ደሚቱ ጆሯቸው ስለደከመ ፋዮ ስታወራቸው ትጮኻለች። ምሥጢር ሲሆንም ትጮኻለች፤ ሌላ መንገድ የለም። እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ፤ እነሱ ማድ ቤት።

«እስከ መቼ ትደብቂዋለሽ?»

«ቦርዱን ይጨርስ።»

«ሳይሆንለት ቢቀርስ?»

«ሳይሆንለት ቢቀር ሌላ ይሠራል፣ እማዬ። እስኪያረጅ ይሠራል።»

«ከሆነለትስ?»

የምጣድ ክዳን ነገር ወደቀ። ከዚያ ፋዮ «እሱን ነው የምፈራው» አለች።

ስፒል ቆጠርኩ። ስድስት ብቻ ቀርተዋል። የምትደብቀውን አላውቅም። ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል።

ሐምሌ 10

ስፒል ገዛሁ። ዝናብ።

ሐምሌ 19

ቀደም ብዬ ሱቅ ዘጋሁ። የልደታን ቤተ ክርስቲያን አጥር ተከትዬ ስመጣ ፋዮንና ኢሊሊን ከዛፉ ሥር፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ፋዮ በእጇ አንድ ነገር ትሠራለች፤ ኢሊሊ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ የእናቷን ጣት ይዛ ታስተካክላለች፤ ፋዮ እንደገና ትሠራዋለች። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ፋዮ ስትስቅ ካየሁ ቆይቷል።

ወደ እነሱ መሄድ እችል ነበር። ሃያ እርምጃ ነው። ዞሬ በላይኛው መንገድ ሄድኩ።

ከእኔ ኋላ ቤት ደረሱ።

«የት ነበራችሁ?»

«ገበያ» አለች ፋዮ። በእጇ ምንም አልያዘችም ነበር። እኔም ምን ገዛችሁ አላልኩም።

የሠራሁት፦ ሦስተኛው ቦርድ ተተኮሰ። ግማሽ ሚሊ። በቀኝ። ዓይኔ ይሆናል። መነጽር የሚያስፈልገኝ ዕድሜ ላይ ነኝ።

ሐምሌ 27

ርእሰ መምህሩን መንገድ ላይ አገኘሁት። «እንዴት ሆነ ነገሩ?» አለኝ። «ሊደርስ ነው፣ ጥቂት ነው የቀረኝ» አልኩት። «ጥሩ፣ ጥሩ» አለና ጃንጥላውን ወደ እኔ ዘንበል አደረገ። የሐዘን ቤት ደርሶ እንደሚወጣ ሰው ነበር የሚያየኝ።

ነሐሴ 3

ሌሊት ነው። እንቅልፍ አልመጣም። የሆነውን በትክክል ልጻፈው።

አራተኛው ጥንድ። ጠዋት መስኮቱ ላይ ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ ነበር። ግራው ገጥሟል። በግራ እጄ ጨምቄ ይዤ በቀኜ ስፒሉን ላስገባ ስል ኢሊሊ እጄን ያዘች። ያችኑ ጨዋታ። በዚህ ክረምት ስንት ጊዜ አደረገችው? ወረቀት ባነሣሁ ቁጥር። መዳፏን ልትገጥም ስትል ገፋኋት። ስፒሉ እጄ ላይ ነበር። አውራ ጣቷን ወጋሁት።

አፏ ተከፈተ። ድምፁ ዘግይቶ መጣ። የእሷ ለቅሶ እንደ ሌላ ልጅ ለቅሶ አይደለም፤ ከፍና ዝቅ የለውም። ፋዮ እየሮጠች መጣች። ደሙን አየች፣ ስፒሉን አየች፣ እኔን አየች። አንስታ ወሰደቻት።

እኔ ወረቀቶቹን አልለቀቅሁም ነበር። ይህን ነው መጻፍ የፈለግሁት። ልጄ እየደማች በግራ እጄ ወረቀቶቹን እንደጨመቅሁ ቆሜ ነበር፤ ግራው ጥግ እንዳይበላሽ።

ቦርዱን ጨረስኩት። ግማሽ ሚሊ።

እማማ ደሚቱ ማታ አጠገቤ ተቀመጡ። «ጂራታ ልጄ፣ እኔ ካልሰማሁ አራት ዓመት ሆነኝ» አሉ። «መጀመሪያ ሰዎቹ ቀስ ብለው ያወሩ ይመስለኝ ነበር። ሁሉንም ተቆጣኋቸው።»

አንድ ጥንድ ወረቀት ቀርቶኛል።

ነሐሴ 9

ኢሊሊ ለስድስት ቀን መስኮቱ ጋ አልመጣችም። ዛሬ ጠዋት አውራ ጣቷ ላይ ፕላስተሩ እንዳለ መጣች። ወንበሩን ራሷ ጎትታ ወጣች። ስፒሎቹን ከአጠገቤ አንስታ ወዲያ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ወረቀቶቹን በጣቷ አሳየችኝ።

መዳፏን መዳፌ ላይ አደረገች። ከአንጓ። ጫን ጫን አደረገችው፦ እዚህ ልክ ነው። ጣቶቼ ከጣቶቿ ያለፉበትን ነካች። ወዲያው የወረቀቱን ቀኝ ጫፍ ነካች። ጣቶቼን። ቀኙን ጫፍ። ፊቴን አየች።

ማስመሪያ አመጣሁ። የሙከሚልን ብቻውን ለካሁ፤ ከመጀመሪያው ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ስድሳ ሚሊ። የሜክሲኮውን ለካሁ። ስድሳ ከግማሽ።

ሁለት ማተሚያ። አንዱ ወረቀቱን ትንሽ ይስበዋል። በግራ ካስጀመርካቸው በቀኝ አይገናኙም፤ በቀኝ ካስጀመርካቸው በግራ አይገናኙም። ካውያው አይደለም። ዓይኔም አይደለም። አንዱን ፊት አንድ ሰፈር፣ ሌላውን ሌላ ሰፈር አሳትሜ እንዲገጥሙ መስኮት ላይ ቆሜ ክረምቱን ጨረስኩ።

ሰኔ 17 የጻፍኩትን ገለጥኩ። «ጨዋታ ነው» ይላል። በእኔው እጅ ጽሑፍ።

ነሐሴ 12

የቡሄ ዋዜማ። ልጆቹ መጡ፤ መሬቱን በዱላቸው እየመቱ። ኢሊሊ ከውስጠኛው ክፍል ከሁላችንም ቀድማ ሮጣ ወጣች። ከሁላችንም ቀድማ!

«አየሽ?» አልኳት ፋዮን። «አየሽ? ሰማች!»

ፋዮ ወደ ኢሊሊ እግር ጠቆመች። ባዶ እግሯን ነበረች።

«መሬቱን ነው፣ ጂራታ» አለች። ቁጣ የለበትም። ኢሊሊ እጇን የበሩ መቃን ላይ ለጥፋ ቆማ ነበር፤ ልጆቹ እስኪሄዱ አላነሣችውም።

ነሐሴ 14

ሙከሚል ዘንድ። ሁለቱም ፊት በአንድ ማተሚያ፣ በአንድ አቅጣጫ።

«ያው ክስ ነው?»

«ያው ነው።»

«ይግባኝ በለኛ!» ብሎ ወረቀቱን ማህተም እንደሚመታ ሰው በመዳፉ መታው። ለዚህ አላስከፈለኝም። መብራቱ እስከ መጨረሻው አልጠፋም።

ነሐሴ 15

መስኮቱ ላይ አርባ ሦስቱም ገጠሙ። ኢሊሊ አንድ በአንድ በጣቷ ነክታ አረጋገጠች። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ቆማ ቅንድቧን ሰበሰበች፤ ወረቀቱን የፀጉር ያህል ገፋሁት፤ አለፈችው። እኔ ልዩነቱ አልታየኝም።

ተኮስኩ። ላጥኩ። አሲዱ በላው። በሳሁ። ከላይ መሃል ገባ፣ ከታች መሃል ወጣ። አርባ ሦስት ጊዜ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ በአሲዱ ቢጫ ሆኗል።

ነሐሴ 17

ክፍሎቹን በየድኩ። ባትሪ አስገባሁ። ቀይዋ መብራት በራች። መጀመሪያ የራሴ ጆሮ ላይ አደረግሁት። ጣሪያው ላይ የቀረው ውሃ ሲንጠባጠብ፤ የእማማ ደሚቱ እስትንፋስ ከሌላው ክፍል፤ ጨርቅ ከጨርቅ ሲነካካ። ምንም ጉምጉምታ የለም። እንዲህ ጥርት ያለ ሠርቼ አላውቅም።

ሳሙና መያዣውን ኢሊሊ አንገት ላይ አንጠለጠልኩ። ማዳመጫውን በጆሮዋ አስገባሁ። ፋዮ የውስጠኛው ክፍል በር ላይ ቆመች።

ከኋላዋ ሄጄ ቆምኩ። «ኢሊሊ።» ሣጥኑ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ታያለች። ድምፁን ጨመርኩ። «ኢሊሊ።» እስከ መጨረሻው ጨመርኩ። «ኢሊሊ!» ስንት ጊዜ እንደጠራሁ አላውቅም። ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ሀሚዳ መጥታ በሩን አንኳኳች፦ «ኧረ ምን ሆናችሁ? ልጅቷ ምን ሆነች?» ፋዮ «ደኅና ነን» አለቻት።

ኢሊሊ የዞረችው ፋዮ ወደ በሩ ስትራመድ ወለሉ ስለተነቃነቀ ነው። ይህን አይቻለሁ። ፊቴን አየች፣ አፌን አየች። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች። ዝቅ በል ብላ አንገቴን ሳበችና እኔ ጆሮ ውስጥ አስገባችው። እንዳይወድቅ በጣቷ አስተካከለችው። ከዚያ ተራህ ነው እንደማለት ጠበቀች።

ፋዮ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ይበቃል» አለች። ማዳመጫው ውስጥ እንደ ጩኸት ነበር።

ነሐሴ 18

ስፒሎቹን ወደ መሳቢያው መለስኩ። የሐኪሙን ወረቀት አወጣሁ።

እዚህ ደብተር ላይ አልከፈትኩትም ብያለሁ። ውሸት ነው። ግንቦት 19 የምርመራ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ አንብቤዋለሁ። «በሁለቱም ጆሮ ምንም ምላሽ አልተገኘም። የማዳመጫ መሣሪያ አይጠቅማትም።» አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለፋዮ «ገና ይታያል አሉ» አልኳት። እሷ ለብቻዋ ተመልሳ ሐኪሙን እንደጠየቀችው ዛሬ ነገረችኝ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ። ይህን ደብተር ከመግዛቴ በፊት።

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንተስ?»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መሃላችን ተውነው። ማንም አላነሣውም። እማማ ደሚቱ መጥተው ሽሮ የያዘ ድስት አስቀመጡበት።

ነሐሴ 23

ማጉያውን እማማ ደሚቱ ወሰዱት። ሳሙና መያዣውን ከነጠላቸው ሥር አንጠልጥለው ቀኑን ሙሉ ይዞራሉ። «ዝናብ እንዲህ ይጮህ ነበር እንዴ?» ይላሉ። «አንቺ ፋዮ፣ ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ምን ያስጮኽሻል!»

ፋዮ በፊቴ ከኢሊሊ ጋር በእጇ ታወራለች። አሁን ገበያ አትልም። በፍጥነት ነው የሚያወሩት። እኔ አልከተላቸውም።

ጳጉሜ 3

ምዝገባ የሚያበቃበት ቀን። በሰፈሩ ትምህርት ቤት በር አለፍን። የሀሚዳ ልጅ በአዲስ ቦርሳ ከአጥሩ ውስጥ ለኢሊሊ እጁን አወዛወዘ። አወዛወዘችለት። ታክሲ ያዝን።

መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ዘበኛው ፋዮን በስሟ ጠራት። ግቢው ውስጥ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ጩኸት ያለ ይመስላል፤ የሚሰማው ግን የእግር ኮቴ ነው። ኢሊሊ እጄን ለቅቃ ቀደመችን።

መዝጋቢዋ መምህርት ወለተሰንበት የሚባሉ ሽበታም ሴት ናቸው። ቅጹን እየሞሉ ይጠይቃሉ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር። መስማት ያቆመችበትን ሲጠይቁ እኔ ነኝ የመለስኩት። ድምፄ አልተለወጠም።

«ቤት ውስጥ በምልክት የሚያናግራት ማን ነው?»

«እናቷ» አልኩ።

«አባትስ? እርስዎ ምንም?»

«አንዲት አውቃለሁ።»

ፋዮ ዞር ብላ አየችኝ።

«እስቲ ያሳዩኝ» አሉ።

መዳፌን ከጠረጴዛው በላይ ዘረጋሁ። ኢሊሊ አየችው። ቀረብ አለችና መዳፏን ገጠመች። ከአንጓ ጀምራ፤ ልክ እንደ ወረቀቱ ግራ ጥግ። ፕላስተሩ ከወደቀ ቆይቷል፤ አውራ ጣቷ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለ።

«ይቺ እኛ ጋ የለችም» አሉ መምህርቷ። ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ምን ማለት ናት?»

«አልገጠመም፣ እንደገና ለካ።»

ሳቁ። ከዚያ ብዕራቸውን መልሰው አነሡ፤ ስላልሳቅሁ ይመስለኛል። ቅጹ ላይ ምን እንደጻፉ አላየሁም። ኢሊሊ እጇን አላነሣችም። ጣቶቼ በአንድ የጣት አንጓ ያልፏታል።